በብስክሌት የምመላለስበት ቀን ዕረፍት ይባላል ወይስ ልምምድ? (ባሕር ዳር፣ 35 ምላሾች)

ሰላም ለሁላችሁ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሩጫ የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪም ክብደት ቀንስ ብሎኝ ነው፤ አሁን ግን ነገሩ ከክብደት አልፎ እልህ ሆኖብኛል። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትሩን ከ50 ደቂቃ በታች መጨረስ እፈልጋለሁ። እስካሁን ያለኝ ጥሩ ሰዓት 53 ደቂቃ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሳላቋርጥ ሠርቼ አንዲት ሰከንድ አልቀነስኩም።

ሳምንቴ ይህን ይመስላል። ሰኞ 6 ኪሎ ሜትር ቀላል ሩጫ። ማክሰኞ ንጋት በአዲሱ የዓባይ ድልድይ የእግረኛ መንገድ ላይ አሥር ጊዜ 400 ሜትር፤ እያንዳንዱን በ1 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ እጨርስና ትንፋሼ እስኪመለስ እራመዳለሁ። ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ሶምሶማ አለው። ሐሙስ 8 ኪሎ ሜትር ቀላል። ቅዳሜ ጠዋት በጎንደር መንገድ ወጥቼ 16 ኪሎ ሜትር። ድምሩ 38 ነው። ቀላል የምላቸውን አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ እሮጣለሁ። ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ ዕረፍት ናቸው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ በዘንዘልማ መንገድ ካለው ቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ በብስክሌት እመላለሳለሁ፤ 7 ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ 7 ኪሎ ሜትር መመለሻ። ይህን ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ላይ መቀመጥም ባጃጅ ውስጥ ከመቀመጥ ብዙ አይለይም ባይ ነኝ። ሆኖም ሐሙስ በመጣ ቁጥር እግሬ የሌላ ሰው እግር ይመስል አልታዘዝ ይለኛል። ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?

ከላይ ያለው መስከረም አጋማሽ ላይ የጻፍኩት መነሻ ነው። በዚህ መድረክ የተከፈተው ውይይት፣ ክሩ ማለቴ ነው፣ አሁን 35 ምላሽ ደርሷል። በየቀኑ አዲስ ሰው እየመጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ሰልችቶት ምን ተባለ እያለ ይጠይቀኛልና የተባለውን በተራ ልንገራችሁ። እኔን የሚያስወቅሰውን ክፍልም አልዘለልኩትም።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። በርታ ብሎ መርቆኝ አንድ ቀመር ሰጠኝ፤ በብስክሌት የሚነዳ 3 ኪሎ ሜትር እንደ 1 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይቆጠር የሚል። በሳምንት 70 ኪሎ ሜትር እነዳለሁና ወደ 23 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሊሆን ነው፤ 38ቱ ላይ ሲደመር 61። ነጋዴ ሰፍሮ ሲያበቃ እላዩ ላይ እንደሚጨምረው ምርቃት ነበር የተሰማኝ፤ ሳልሮጥ 23 ኪሎ ሜትር!

ደስታዬ ዕድሜ አላገኘም። 2ኛው መላሽ ቀመሩን ከሥሩ ነቀለው። ብስክሌት ላይ ልብና ሳንባ በደንብ ይሠራሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን እግር መሬት በመታ ቁጥር የሚቀበሉትን ጫና እዚያ አያገኙትም፤ ስለዚህ አንዱን በሌላው መመንዘር አይቻልም አለ። 61 ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ ሰው ራሴን አይቼ የቅዳሜውን 16 ወደ 25 ባሳድገው ቅልጥሜ ዕዳውን እንደሚከፍል አስጠነቀቀኝ። ኪሎ ሜትሩን ትተህ ደቂቃውን ቁጠር፣ ሩጫውን በአንድ ዓምድ፣ ብስክሌቱን በሌላ ዓምድ ጻፍ አለኝ። ዓምድ ሲል ሥራዬን ያወቀ መሰለኝ፤ ለካ እኔው ጽፌዋለሁ።

3ኛው ምንም ምክር አልሰጠም፤ ሦስት ነገር ጠየቀና ዝም አለ። ጠዋት መሄጃው ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ማታ መመለሻውስ? ከኋላ የሚጫን ነገር አለ ወይ? በ4ኛው ምላሽ ለሁለቱ ጥያቄዎች በትክክል መለስኩ፤ ጠዋት 22 ደቂቃ፣ ማታ 35 ደቂቃ። ሦስተኛውን ቦርሳ ብቻ ብዬ አለፍኩት። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ትመጣብኛለች።

5ኛው ቁጥሮቹን ተቀብሎ እኔ ልሠራው ይገባኝ የነበረውን ድምር ሠራ። በቀን 57 ደቂቃ፣ በአምስት ቀን 285 ደቂቃ፤ ማለትም 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። የሩጫዬን ደቂቃዎች ሁሉ ቢደምራቸው ከ3 ሰዓት ተኩል ብዙም አላለፉለትም። በሳምንቱ ውስጥ ከምሮጥበት ይልቅ የምነዳበት ሰዓት ይበልጣል፤ ይህንን ነው ዕረፍት ብዬ የጠራሁት። የሰው ደብተር ሳመሳክር የምውል ሰው የራሴን አለመደመሬ አሳፍሮኛል።

ስለ 13 ደቂቃው ልዩነትም ነፋሱን አስረዳ። ቀን ፀሐይ የብሱን ከውኃው ፈጥና ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ቀዝቃዛው ከጣና ተነስቶ ወደ ከተማው ይገባል፤ ከሰዓት በኋላም ይበረታል። ንጋት ላይ ግን ሐይቁ ጸጥ ይላል። እኔ ማታ ዓባይን ተሻግሬ በሐይቁ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስነዳ ያ ነፋስ ፊቴን እየመታ ነው ማለት ነው። ያም ሆኖ በሜዳ መንገድ ነፋስ ብቻውን 13 ደቂቃ አይበላም፣ አንድ ያልተነገረን ነገር አለ ብሎ ጥርጣሬውን አስቀመጠ። እኔም አልሰማሁም ብዬ ተቀመጥኩ።

6ኛው መላሽ አንድ አባት ናቸው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ የወጡ። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። በእሳቸው ዘመን ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በብስክሌት ይጥለቀለቅ እንደነበር፣ የሌሊት ፈረቃ የሚወጣውና የጠዋቱ የሚገባው ዘንባባው ሥር እየተላለፉ በደወል ሰላምታ ይለዋወጡ እንደነበር አወጉን። እሳቸው ባለቤታቸውን ከኋላ፣ ጤፉን ከፊት ጭነው እየነዱ ቤታቸው ሲደርሱ ዛሬ ዐርፌ ዋልኩ ብለው እንደማያውቁ፣ ልምምድ ሠራሁም ብለው እንደማያውቁ ነገሩን። ዝም ብሎ ድካም ነበር፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነጋል። ከክሩ ሁሉ አብልጬ የወደድኩት ይህንን ነው።

ከዚያ የድልድዩ ጉዳይ መጣ። 7ኛው መላሽ በትሕትና ነው የጀመረው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር እንጂ 400 አይደለም፤ 43 ሜትር ስፋት ስላለውና ለእግረኛም ለብስክሌትም መንገድ ስለተለየለት ለልምምድ መመረጡ መልካም ነው፣ ቁጥሩ ግን ይስተካከል አለ። አሥር ጊዜ ስመላለስ የምሮጠው 3.8 ኪሎ ሜትር ነው። 380 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ36 ማለት ለአንድ ኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ከ13 ገደማ እንጂ የምኮራበት ድፍን 4 ደቂቃ አይደለም። እውነተኛ 400 ሜትር ቢሆን 1 ደቂቃ ከ41 ይፈጅብኝ ነበር። 8ኛው ይህን አንብቦ ሳቀብኝ፤ በየዙሩ 20 ሜትር የሚያጎድል የሒሳብ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ካዝና እንዴት እንደሚጠብቅ ለማወቅ ጓጓ። በ9ኛው ከድልድዩ ጫፍ አልፌ ነው የምጀምረው ብዬ ተከራከርኩ። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን ነው የማልፈው።

10ኛዋ መላሽ ሴት ናት፤ ረጅምና የተረጋጋ ጽሑፍ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምትሮጠው፤ ምክንያቷንም ተናገረች። እኛ ወንዶቹ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እያልን እንደ ቀላል ነገር የምንጽፈው ሰዓት ለእሷ ብቻዋን የሚወጣበት ሰዓት አይደለም፤ ሁለት ጓደኞቿ ሲመቻቸው ነው የምትወጣው። ቀጥላ ወደ እኔ ሳምንት ገባች። ከእኔ ራሴ ጽሑፍ ሁለት ቁጥሮች አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፤ የ10 ኪሎ ሜትር ምርጥ ሰዓቴ 53 ደቂቃ ከሆነ የውድድር ፍጥነቴ ለኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ነው፤ ቀላል ሩጫ የምለው ደግሞ 5 ደቂቃ ከ20። ሰኞም ሐሙስም ውድድር እየሮጥኩ ነው ማለት ነው! ቀላል ሩጫ ከጎን ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወሩ የሚሮጡት ነው፤ ለእኔ ከ6 ደቂቃ ከ15 በላይ መሆን እንዳለበት፣ ማታ በብስክሌት ለነፋስ የሚከፈለው ጉልበት ባለበት ሳምንት ደግሞ 6 ደቂቃ ተኩልም ነውር እንዳልሆነ ጻፈች።

የጥያቄዬ መልስ ይኸው ነበር። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም ጭምር።

ሰው የያዘው የጨለማውን ጉዳይ ነው። 11ኛው በሐይቁ ዳር በጨለማ ስለመሮጥ ከተነሳ ጉማሬን አትርሱ አለ። 12ኛው ጉማሬ ውኃ ውስጥ እንጂ መንገድ ላይ ምን ይሠራል ብሎ ቀለደ። 13ኛው ቀልዱን አልወደደውም፤ ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ሲመሽ እንደሆነ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ሣሩና ደንገሉ ውስጥ በምሽት መግባት ከሰው ከብት ጋር መገናኘት እንዳልሆነ አሳሰበ። ከዚያ እምቦጭ ተነሳ፣ ከእምቦጭ የዓሣ ዋጋ፣ ከዓሣ ዋጋ ታንኳ። 14ኛው የመድረኩ አስተናባሪ ነው፤ ወደ ሩጫችሁ ተመለሱ ብሎ ወጣ።

ተመለስን፤ ግን ወደ እኔ ሩጫ አይደለም። 15ኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጠራ። ኃይሌ አሰላ አካባቢ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ እንደነበር፣ ደብተር የያዘበት ግራ ክንዱም ዓለምን ካሸነፈ በኋላ ሳይቀር እንደታጠፈ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ መመላለሻ ትልቁ ልምምድ ነው ሲል ደመደመ። 16ኛው ኃይሌ ያን ጊዜ ሕፃን እንደነበር፣ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ የዋለ ወገብ ይዞ እንዳልተነሳ ተናገረ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለእኔ የሚበጀኝ ግን የ16ኛው ነው፤ ወገቤን አውቀዋለሁና።

17ኛው የባሰውን አመጣ። ጫማ፣ ሰዓት፣ ቀመር የሚባለው ሁሉ ቅንጦት ነው፤ አበበ ቢቂላ ሁለቱንም የኦሊምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ አሸንፏል አለ። 18ኛው እንደ መምህር አረመው። በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ላይ ነው፤ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር፤ ሰዓቱ 2:15:16። ቶኪዮ ላይ ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ግን ጫማ አድርጎ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው በ2:12:11 አሸነፈ። 17ኛው ከዚያ ወዲያ አልጻፈም። የዋዜማውን ነገር ግን እኔም አላውቀውም ነበር፤ በማግስቱ አደይ አበባ ይዘው ለዞሩት ልጆች ምን ተብሎ እንደተነገራቸው እያሰብኩ ሳልሠራ አመሸሁ።

አሁን የማፍርበት ክፍል ላይ ደረስኩ። 19ኛው መላሽ በሦስት መስመር ቀላል ሩጫህ ፈጣን ነው፣ ወደ 6 ደቂቃ ተኩል አውርደው አለኝ። እኔ ደግሞ በ20ኛው አመስግኜ፣ ይህን ያህል ሰው ጽፎ ነገሩን ያየው አንተ ብቻ ነህ ብዬ ጨመርኩበት። 21ኛዋ 10ኛዋ ናት። አሁን ጽሑፏ አጭርና ስለታም ነበር። ከዘጠኝ ምላሽ በፊት ከነቁጥሩ የጻፈችው ጉማሬ ሲጋልብበት ቆይቶ፣ ከወንድ እጅ ሲመጣ ግኝት መሆኑን አስተውላለች፤ በዚህ ከተማ ብቻዋን ለመሮጥ የምትፈራው ጨለማውን ብቻ እንዳልሆነም አከለች። ልክ ናት። በ22ኛው ይቅርታ ጠየቅኳት። 19ኛውም የእሷን አንብቦ እንደነበር አምኖ ጽሑፉን አስተካከለ፤ ይህን በማድረጉ አከብረዋለሁ።

23ኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ሦስት ጥያቄ ጠይቆ ዝም ያለው ሰው ነው። አሁንም የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ቦርሳው ስንት ኪሎ ነው?

በ24ኛው ተናዘዝኩ። ቦርሳው ልጄ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ከእናቷ ጋር በባጃጅ ትሄድና ከትምህርት ቤት ስትወጣ አያቷ ዘንድ ትቆየኛለች፤ ማታ ከብስክሌቱ ኋላ አስቀምጬ እወስዳታለሁ። ከነደብተሯ 23 ኪሎ ትሆናለች። ያልተናገርኩት ልደብቅ ፈልጌ ብቻ አይደለም፤ ልምምድ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። በመንገዱ ላይ የትምህርት ቤቱን ወሬ ሁሉ የምሰማበት፣ እሷም ደወሉን የምትደውልበት ሰዓት ነው። ደወሉን መደወል የእሷ ሥራ ስለሆነ ከኋላ እጇ እንዲደርስበት ኮርቻው ሥር ሁለተኛ ደወል አሥሬላታለሁ።

25ኛው መላሽ ተቆጣ፤ የተቆጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ከኋላ ተቀምጣ እግሯን የምታሳርፍበት ከሌላት ጫማዋ በጎማው ሽቦዎች መሀል ይገባል፤ የወንድሙ ልጅ ቁርጭምጭሚቷ የተሰበረው እንዲሁ እንደሆነ፣ እሱ እዚህ ስለ ሰከንድ የሚጨነቅ አባት ማንበቡ እንዳሳመመው ጻፈ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር። አንዳንዶች ተዉት ብለው ሊያበርዱት ሞከሩ፤ እኔ ግን በዚያው ምሽት ወጥቼ የልጄን እግር አቀማመጥ አየሁት። ከሽቦው አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር።

26ኛው የብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ ዕድሜ ይስጠው፤ ወቀሳ ትቶ ወደ ሥራው ገባ። በመጀመሪያ ከኋላ በግራና በቀኝ የብረት እግር ማሳረፊያ ይበየድ። ቀጥሎ ኮርቻው፤ አብዛኛው የከተማችን ሰው እግሩ መሬት እንዲነካለት ብሎ ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው፤ ጉልበት በሙሉ ሳይዘረጋ ስለሚገፋ ጭኑ ቶሎ ይዝላል። መለኪያውን እንዲህ ነገረኝ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትህ ቀጥ ይበል፤ ከዚያ እንደ ወትሮው በጣቶችህ ሥር ባለው ስትረግጥ ጉልበቱ በትንሹ ታጥፎ ይቀራል። ሦስተኛ ጎማው፤ 23 ኪሎ የተጨመረበት የኋላ ጎማ ለአንድ ሰው በተነፋው አየር ከሄደ መሬቱን እየጎተተ ነው የሚሄደው። መጨረሻ ላይ ሰንሰለቱ፤ የክረምቱ ጭቃ በነጭ ጋዝ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ቀጭን የማሽን ዘይት ይጠጣ፣ ትርፉ በጨርቅ ይጠረግ። የምግብ ዘይት የሚቀባ ሰው ካየ ብስክሌቱን እንደሚወርስበት ዝቶ ጨረሰ።

27ኛው እኒያ የፋብሪካው አባት ናቸው። የብረቱን ማሳረፊያ ደግፈው አንድ ጨመሩ። እሳቸው ልጆቻቸውን በጫኑበት ዘመን የኋላ ጎማውን ሁለቱን ጎን በአቡጀዲ ሸፍነው፣ ዳር ዳሩን በሲባጎ ወጥረው ይሰፉት ነበር፤ የልጅ እግርም የቀሚስ ጫፍም አይገባም። አቡጀዲው ከየት ይመጣ እንደነበር አልጠየቅናቸውም።

28ኛው ረቡዕን አነሳ። እጾማለሁ ወይ ሲል ጠየቀ፤ ረቡዕም ዓርብም እጾማለሁ። ለካ ሐሙስን ሐሙስ ያደረገው ይህም ነው። ማክሰኞ ራት ከበላሁ ረቡዕ ማታ ልጄን አድርሼ ቤት እስክገባ ድረስ እህል አልቀምስም፤ በዚያ ሆድ ነው ከነፋሱ ጋር 35 ደቂቃ የምታገለው። ሐሙስ ንጋት ደግሞ 8 ኪሎ ሜትር በውድድር ፍጥነት። ዓርብና ቅዳሜም እንደዚያው ተከታትለው ይመጣሉ። 29ኛው ስፖርተኛ ከሆንክ ጾሙን ተወው አለ። 30ኛው በዚህ ተነስቶ የጻፈውን አልደግመውም፤ ግማሹን አስተናባሪው አንስቶታል። 31ኛው ሁለቱንም ገላገላቸው። ጾሙን የሚተው ሰው አያስፈልግም፤ 9 ሰዓት ሲሆን መብላት እየተቻለ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ እስከ ምሽት መቆየቱ ከስንፍና የመጣ እንጂ ከሥርዓት የመጣ አይደለም አለኝ። እውነት ነው፤ ምሳ ይዤ መሄድ ሰልችቶኝ ነው። በሶ በውኃ በጥብጠህ በጠርሙስ ያዝ፣ በ9 ሰዓት ጠጣው፣ የቅዳሜውን ረጅም ሩጫም ከጠዋት ወደ አመሻሽ አዙረው፤ ቁርስና ምሳ በልተህ ትደርሳለህ አለ። በሶው ላይ ስኳር ይሁን ጨው የሚለው ክርክር በዚያው ምላሽ ሥር ለብቻው ሦስት ቀን ፈጅቷል።

32ኛው ኅዳርን አስታወሰን። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ናት፤ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ከ2,300 በላይ ነው፤ መንገዱም ዳገት አለው። እዚህ በ50 ደቂቃ የሚገባ ሰው እዚያ በዚያው ሰዓት እገባለሁ ብሎ ከተነሳ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በተለይ ከፊት ያለው ሕዝብ ሲጮኽ ፈጥኖ መውጣት ያምራል። ከወዲያኛው የዓባይ ዳር የቤዛዊት ቤተ መንግሥት ወዳለበት ኮረብታ የሚያወጣውን ዳገት በሳምንት አንድ ጊዜ እንድሞክረው መከረኝ። ሞክሬዋለሁ። ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ስደርስ ወንዙን ቁልቁል እያየሁ የምቆመው ለዕይታው ሲባል አይደለም።

በ33ኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ሪፖርት አቀረብኩ። ቀላል ሩጫዬን ወደ 6 ደቂቃ ተኩል አወረድኩት፤ የመጀመሪያው ሳምንት አሮጊቶች ሲቀድሙኝ ነበር፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ በእግራቸው። ኮርቻውን ሦስት ጣት ከፍ አደረግኩ፣ ጎማውን አስነፋሁ፣ ሰንሰለቱን አጠብኩ፣ ማሳረፊያው ተበየደ። ረቡዕና ዓርብ በ9 ሰዓት በሶ እጠጣለሁ። ረጅሙ ሩጫ ወደ ቅዳሜ አመሻሽ ዞረ። ውጤቱ ይኸው፤ የማታው መመለሻ ያንኑ ቦርሳ ጭኖ ከ35 ወደ 30 ደቂቃ ወረደ። ሐሙስ እግሬ ይታዘዘኛል። 10 ኪሎ ሜትር ለሙከራ ሮጬ 51 ደቂቃ ከ40 ገባሁ። ድልድዩን አሁንም በ1 ደቂቃ ከ36 ነው የምሻገረው፤ 380 መሆኑን እያወቅሁ።

34ኛው 8ኛው ነው፤ ያ የሳቀብኝ። በዚህኛው አልሳቀም። ይህን ሁሉ ነገር በአንድ ሳምንት ቀይረህ የትኛው እንደጠቀመህ በምን ታውቃለህ፣ ይህን በደብተር ብታመጣልኝ እመልስልህ ነበር አለ። መልስ የለኝም። አንድ በአንድ መልሼ እያፈረስኩ ልፈትን ብዬ ነበር፤ ኮርቻውን ዝቅ ላድርግ ብል ሁለተኛው ደወል አብሮ ይወርዳል፤ ልጄ ከአዲሱ ቦታው ጋር ተስማምታለች፣ አይነካም ብላለች።

35ኛው ከአባታችን ነው፤ አቡጀዲውን ሰፋኸው ወይ ብለው ጠይቀዋል። አልሰፋሁትም። ማሳረፊያው ይበቃል ብዬ ነበር፤ ትናንት ግን የልጄ የደንብ ልብስ ጫፍ ሽቦው ውስጥ ገብቶ ወጣ። ስንት ሜትር እንደሚበቃ እንዲነግሩኝ ጽፌላቸዋለሁ፤ ነጩን ልገዛ ነው፣ እሷ ቀይ ካልሆነ ትላለች።